«ከምን ጋር ተመጣጣኝ?» የአዲስ አበባ የመኖሪያ ቤት ቃላት ታሪክና የዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦች የቤት እጦት

1. መነሻ

ካለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት ወዲህ በአማርኛ በሚጻፉ የቤት ልማት ሰነዶች፣ ማስታወቂያዎችና ዜናዎች ውስጥ «ተመጣጣኝ ዋጋ ያለው መኖሪያ ቤት» የሚለው ሐረግ ደጋግሞ ይነበባል። ሐረጉ ለጆሮ የለመደ ስለሆነ ጥያቄ አያስነሣም። ሆኖም ለሥነ ልሳን አጥኚ «ተመጣጣኝ» የሚለው ቅጽል ጉድለት ያለበት ሆኖ ይታያል። ቃሉ «መጠነ» ከሚለው ግስ፣ «ተመጣጠነ» በሚለው የእርስ በርስ ግንኙነትን በሚገልጽ ደጋጋሚ ግንድ በኩል የወጣ ነው። ይህ ግንድ በባሕርይው ሁለት ወገን ይፈልጋል። ደመወዝ ከሥራ ጋር ይመጣጠናል፤ ቅጣት ከጥፋት ጋር ይመጣጠናል፤ ጨው ከወጡ ጋር ይመጣጠናል። የቤቱ ዋጋ ግን ከምን ጋር እንደሚመጣጠን በአብዛኞቹ ጽሑፎች አይነገርም። «ከ… ጋር» የሚለው ማሟያ ቀርቶ ቅጽሉ ብቻውን ይቆማል።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ይህ የማሟያ መቅረት የአጻጻፍ ግድፈት ብቻ አለመሆኑ ነው። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ጀምሮ መኖሪያ ቤትን የሚመለከቱ ዋና ዋና ቃላት በየዘመኑ ሲለዋወጡ፣ ከቃላቱ ጋር የቤት መለኪያውም ተለዋውጧል። አንድ ጊዜ መለኪያው ለጌታ የሚሰጠው አገልግሎት፣ ሌላ ጊዜ የቤተሰቡ ብዛት፣ ሌላ ጊዜ የቦታው የጨረታ ዋጋ፣ በመጨረሻም የሕንፃው ወጪ ሆኗል። በከተማዋ የዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦችን ቤት አልባ ያደረጉ እንቅፋቶች፣ ማለትም የመሬት አቅርቦት፣ የግንባታ ዋጋ፣ የብድር ሥርዓትና የመኖሪያው ከሥራ ቦታ መራቅ፣ በእነዚህ ቃላት ታሪክ ውስጥ ተራ በተራ ይገኛሉ። የቤተሰቡ ገቢ ግን የዋጋው መለኪያ ሆኖ የገባበትን ዘመን መጥቀስ ያስቸግራል።

2. ሰፈር

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ቦታው ባዶ አልነበረም። ፍል ውኃው የሚገኝበት አካባቢ በኦሮምኛ ፊንፊኔ ይባል ነበር፤ ስሙ ዛሬም በኦሮምኛ የከተማዋ መጠሪያ ነው። በአማርኛ ከተማዋን የገነባው ቃል ግን «ሰፈር» ነው። «ሰፈረ» ማለት ጉዞ አቁሞ ድንኳን መትከል ሲሆን፣ እህልን በቁና መለካትም «ሰፈረ» ይባላል። ሁለቱ ትርጉሞች በአንድ ቅርጽ መገናኘታቸው ከጊዜው አሠራር ጋር የሚስማማ ነው። ቤተ መንግሥቱን ተከትሎ የመጣው መኳንንት ለራሱና ለጭፍራው ቦታ ይመራለታል፤ ጭፍራውም በጌታው ቦታ ላይ ጎጆ ይቀልሳል፤ ቀለቡም ይሰፈርለታል። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ ገዳም ሰፈር የሚሉት ስሞች ሰፋሪው በማን ሥር ወይም በምን ሥራ እንደተሰበሰበ ይመሰክራሉ።

በዚህ ሥርዓት ድሃው በከተማው መካከል ቤት ነበረው። የጌታው አዳራሽና የአሽከሩ ጎጆ ጎን ለጎን ይቆሙ ስለነበር፣ የአዲስ አበባ ነባር ሰፈሮች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሀብታምና ድሃ ተቀላቅሎ የሚኖርባቸው ሆነው ቆይተዋል። ይሁን እንጂ ጎጆው የቀለሰው ሰው መብት አልነበረም። አገልግሎቱ ሲቋረጥ ቦታውም ይቋረጣል። የቦታው መብት የሚገለጸው «ርስት» እና «ጉልት» በሚሉት ቃላት ነበር። «ርስት» «ወረሰ» ከሚለው ግስ ጋር የተያያዘ ሲሆን የሚወረስን መብት ያመለክታል። «ጉልት» ደግሞ ገዥው ለባለሟሉ ወይም ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው፣ ግብር የመሰብሰብ መብት ነበር።

የ«ጉልት» ኋለኛ ታሪክ ለዚህ ጥናት ጠቃሚ ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ «ጉልት» ማለት ሴቶች በመንገድ ዳር ቁጭ ብለው ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ በመደብ እየደረደሩ የሚሸጡበት ትንሽ ገበያ ነው። «ተጎልቶ ዋለ» በሚለው አነጋገር ውስጥ እንደሚታየው፣ በሥሩ ያለው ሐሳብ በአንድ ቦታ ተተክሎ መቀመጥ ነው። የባለሟሉ መብት መጠሪያ የነበረው ቅርጽ የድሃዋ ነጋዴ መቀመጫ መጠሪያ ሆኖ ይሰማል። ሁለቱንም የሚያገናኘው ነገር የቦታ አስፈላጊነት ነው፤ ጉልት ነጋዴዋ ገቢዋን የምታገኘው ደንበኞቿ በሚያልፉበት በዚያው ቦታ በመቀመጥዋ ነው። ይህ ነጥብ በኋላ ስለ ጋራ መኖሪያ ቤቶች ሲነሣ ተመልሶ ይመጣል።

በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ከተማዋ በዘር ተከፋፍላ እንድትታቀድ ተሞከረ። ከዚያ ዘመን ሦስት የሰፈር ስሞች ቀርተዋል። «መርካቶ» ገበያ ማለት ነው። «ካዛንቺስ» ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ የነበረው የጣሊያን ተቋም አሕጽሮተ ስም «ኢንቺስ» ቤቶች ከሚል የመጣ ነው። «ፖፖላሬ» ደግሞ የሕዝብ፣ የተራው ሰው ማለት ነው። በከተማዋ በዕቅድ ለተራ ሰው ተብሎ የተሠራ ቤት መጀመሪያ የተሰየመው በዚህ ቃል ነበር ማለት ይቻላል፤ ተራ ሰው የተባለው ግን ጣሊያናዊው ሠራተኛ እንጂ ኢትዮጵያዊው ነዋሪ አልነበረም። የቃሉ ትርጉም ለሁሉም ክፍት ሲመስል ተጠቃሚው ቀድሞ የተለየበት የመጀመሪያው ምሳሌ ይህ ነው።

3. ኪራይና ጭሰኛ

ከነጻነት በኋላ ከተማዋ በፍጥነት አደገች። ከገጠር የሚመጣው ሰው የሚሰፍርበት ጌታ ስላልነበረው ተከራይ ሆነ። «ኪራይ» ከዐረብኛ የመጣ ቃል ሲሆን ከዚያ በፊትም ለበቅሎና ለጭነት ከብት ያገለግል ነበር። የጭነት ከብትን የሚከራይ ሰው ለጉዞው ብቻ ይከፍላል፤ ቤትን የሚከራይ ሰው ግን በየወሩ ይከፍላል፤ መክፈል ሲያቅተው ይወጣል። በዘውዱ ዘመን መጨረሻ የአዲስ አበባ ቦታ በጥቂት ባለርስቶች እጅ የተከማቸ ሲሆን፣ አብዛኛው ነዋሪ የሚኖረው ባለቦታው ለኪራይ በሠራቸው ወይም በሌላው ቦታ ላይ በተሠሩ የጭቃ ቤቶች ውስጥ ነበር።

በዚህ ወቅት ከገጠር የመጣ ሌላ ቃል ወደ ከተማ ገባ። «ጭሰኛ» በሌላው መሬት ላይ የሚያርስ ሰው ነው። ቃሉ «ጭስ» ከሚለው ጋር ይያያዛል፤ ጭሱ የሚጨስበት ምድጃ አለው፣ መሬቱ ግን የሌላ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ የተማሪዎች ንቅናቄ «መሬት ለአራሹ» የሚለውን መፈክር ሲያነሣ የከተማው ተከራይ ጉዳይም ከገጠሩ ጭሰኛ ጉዳይ ጋር ተጣምሮ መታየት ጀመረ። ምድጃው የራስ፣ መሬቱ የሌላ መሆኑ የጋራ መለያቸው ነበር።

4. ትርፍ ቤት

ደርግ ሥልጣን በያዘ ማግሥት፣ በሐምሌ 1967 ዓ.ም.፣ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት የሚያደርገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ወጣ። በአዋጁ መሠረት አንድ ቤተሰብ ሊኖረው የሚችለው አንድ መኖሪያ ቤት ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው «ትርፍ ቤት» ተብሎ ተወረሰ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የነበሩት ደግሞ በኪራይ ቤቶች አስተዳደር እጅ ገቡ። ኪራይም ተቀነሰ፤ ቅናሹ ዝቅተኛ ኪራይ ለሚከፍሉት ይበልጥ ነበር። «የቀበሌ ቤት» እና «ኪራይ ቤቶች» የሚሉት ሁለት የዕለት ተዕለት ስሞች ከዚህ ክፍፍል የተወለዱ ናቸው።

«ትርፍ» የሚለው ቃል «ተረፈ» ከሚለው ግስ ይወጣል። በገበያ ቋንቋ ነጋዴው የሚያገኘው ጥቅም ትርፍ ነው። በሐኪም ቤት አነጋገር «ትርፍ አንጀት» ያለ ሥራ የተቀመጠ የሚመስል፣ ሲያምም የሚወጣ አካል ነው። የአዋጁ ቃል ሁለቱንም ትርጉሞች በአንድ ላይ ይዟል። ቤቱ ለባለቤቱ ኪራይ የሚያስገኝ ነበርና ትርፍ ነው፤ ለቤተሰቡ መኖሪያ አያስፈልግምና ትርፍ ነው። በሕግ አወጣጥ ረገድ ግን ይህ ቃል ከ«ተመጣጣኝ» ይልቅ የተሟላ ነበር፤ ትርፍ የሚባለው ከምን በላይ እንደሆነ አዋጁ ለይቷል። መለኪያው ቤተሰብ ነበር።

የአዋጁ ድክመት በሌላ በኩል ይገኛል። ትርፍ የሚያስገኘው ቤት ሲወረስ ለማከራየት ቤት የሚሠራ ሰው አብሮ ጠፋ። መንግሥት በበኩሉ የተወረሱትን ቤቶች የሚተካ ቁጥር አልሠራም። በቤት ሠሪዎች ማኅበር ተደራጅተው ቦታና ከቤቶችና ቁጠባ ባንክ ብድር ያገኙ ነበሩ፤ ሆኖም ቋሚ ደመወዝ የሌለው ሰው የብድሩን መመዘኛ ማሟላት ይቸግረው ነበር። የቀበሌ ቤት ኪራይ ለዐሥርት ዓመታት ከሞላ ጎደል ባለበት ቆየ። ለተከራዩ ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ለቤቱ ግን ጉዳት ሆነ። ከኪራዩ የሚሰበሰበው ገንዘብ ጣሪያ ለመቀየር እንኳ አይበቃም፤ ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘብ ለማውጣት ያመነታል፤ ለማደስ ሲፈልግም ፈቃድ ያስፈልገዋል። ልጆች ሲያድጉ ጓዳው ይቀጠላል፤ ቆጥ ይሠራል፤ «ደባል» ይገባል። «ደባል» ከሌላው ጋር በአንድ ክፍል ተጨምሮ የሚኖር ሰው ነው። አዋጁ ተከራይንና አከራይን ለያይቶ አንዱን በመንግሥት ሲተካ፣ ደባል በሚለው ቃል በኩል ሦስተኛ ሰው ተፈጠረ፤ የድሃው ተከራይ ተከራይ። ይህ ሰው በማንኛውም መዝገብ ላይ ስሙ የለም፤ በኋላ ቤቱ ሲፈርስም ምትክ የሚሰጠው አይሆንም።

5. ሊዝ፣ ጨረቃ ቤትና ፌሮ

ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ መሬት በመንግሥት እጅ ቀጠለ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም የገጠርም ሆነ የከተማ መሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ መሆኑን ደነገገ። የተለወጠው የአሰጣጡ መንገድ ነው። አዋጅ ቁጥር 80/1986 የከተማ ቦታ «በሊዝ» እንዲያዝ አደረገ፤ በ1994 እና በ2004 ዓ.ም. በወጡት አዋጆች ተተካ። ሕግ አውጪው «ኪራይ» የሚል ቃል በእጁ እያለ የእንግሊዝኛውን ቃል እንዳለ መውሰዱ ትኩረት ይስባል። ኪራይ ለብዙው ነዋሪ የቀበሌ ቤት ትንሽ ክፍያ ማለት ሆኖ ነበር፤ ሊዝ ግን ለረጅም ዘመን የሚቆይ፣ ሊሸጥና በዋስትና ሊያዝ የሚችል መብት መሆኑ በአዲስ ቃል መለየት ነበረበት። ለመኖሪያ ቤት የሊዝ ዘመኑ እስከ 99 ዓመት ይደርሳል።

ከሊዝ ጋር «ጨረታ» እና «ምደባ» የሚሉት ጥንድ ቃላት መጡ። በ2004 ዓ.ም. አዋጅ ቦታ የሚተላለፈው በእነዚህ በሁለቱ መንገዶች ነው። በጨረታ የሚያሸንፈው ከፍተኛ ዋጋ ያቀረበው ነው፤ በምደባ የሚያገኘው ደግሞ ሕጉ የለየው ተቋም ወይም የመንግሥት የቤት ፕሮግራም ነው። በመካከል የቀረው በራሱ አቅም፣ ቀስ በቀስ፣ አንድ ክፍል አንድ ክፍል እያለ ቤት ሊሠራ የሚችለው ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው ነው። ከጨረታው ገንዘቡ፣ ከምደባው ማንነቱ አግዶታል።

ቋንቋው ለዚህ ሰው የሰጠው ቃል «ጨረቃ ቤት» ነው። ቀን ቢሠራ ደንብ አስከባሪ ያፈርስበታልና፣ ሌሊት በጨረቃ ብርሃን ተሠርቶ ሲነጋ ሰው የገባበት ቤት ማለት ነው። በመንግሥት ሰነድ ያው ቤት «ሕገወጥ ግንባታ»፣ ዕውቅና ሊሰጠው ሲታሰብ ደግሞ «ሰነድ አልባ ይዞታ» ይባላል። ሦስቱ ስሞች አንዱን ግድግዳ ያመለክታሉ። የመጀመሪያው ቤቱ የተሠራበትን ሰዓት፣ ሁለተኛው ከሕግ ጋር ያለውን ግጭት፣ ሦስተኛው የጎደለውን ወረቀት ይናገራል። ቤቱ ለምን ሌሊት እንደተሠራ የሚናገረው የነዋሪው ቃል ብቻ ነው፤ ቀን ለመሥራት የሚያስችል በር ዝግ ነበር።

የግንባታ ዕቃዎች ስምም ሌላውን እንቅፋት ያሳያል። ነባሩ የአዲስ አበባ ቤት የሚሠራው በምሰሶ፣ በማገር፣ በጭቃና በጭድ ነበር። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ የተስፋፋው ባሕር ዛፍ እንጨቱን በቅርብ አቅርቦታል። እነዚህ ዕቃዎች በአማርኛ ስም ይጠራሉ፤ በጉልበትና በጎረቤት እርዳታም ይገኛሉ። ዛሬ ደንቡ የሚቀበለው ቤት ግን «ሲሚንቶ»፣ «ፌሮ»፣ «ብሎኬት» እና «ላሜራ» ይፈልጋል። አራቱም ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። አራቱንም ማግኘት የሚቻለው በገንዘብ ነው፤ ከፊሎቹም ወይም ጥሬ ዕቃቸው በውጭ ምንዛሪ ይመጣሉ። የብር ዋጋ በወረደ ቁጥር የፌሮ ዋጋ ይወጣል፤ የቀን ሠራተኛው ደመወዝ ግን በዚያው ፍጥነት አይከተለውም። ከተማው ውስጥ የሚፈቀደው ዝቅተኛ የፎቅ ከፍታ ሲጨመርበት ደግሞ፣ የጭቃ ቤቱን በራሱ ቦታ ላይ ማሻሻል ለሚፈልግ ሰው የሚቀርለት ምርጫ ጥቂት ነው።

6. ቤት ደረሰው

የቤት እጦቱን በስፋት ለመፍታት የተሞከረው በ1990ዎቹ ማጋመሻ በተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም ነው። አዋጅ ቁጥር 370/1995 ለዚህ ዓይነቱ ሀብት «የጋራ ሕንፃ» የሚል የአማርኛ ስም ሰጠው፤ ሕዝቡ ግን «ኮንዶሚኒየም» የሚለውን ይዞ ቀረ። በ1997 ዓ.ም. በተደረገው ምዝገባ ከ450 ሺህ በላይ ሰዎች፣ በ2005 ዓ.ም. በተደረገው ደግሞ ከ900 ሺህ በላይ ሰዎች ተመዘገቡ። «የ97 ተመዝጋቢ» እና «የ2005 ተመዝጋቢ» የሚሉት ስያሜዎች ማን ስንት ዓመት እንደጠበቀ የሚናገሩ የማንነት መለያዎች ሆኑ። ጎተራ፣ ልደታ፣ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ በዚህ ፕሮግራም የታወቁ ስሞች ናቸው። በአዲስ አበባ ታሪክ ይህን ያህል ቤት የሠራ ፕሮግራም አልነበረም፤ ብዙ የመንግሥት ሠራተኛና አነስተኛ ደመወዝተኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ባለቤት የሆነውም በእርሱ ነው።

ፕሮግራሙ ከቋንቋ አንጻር ያመጣው ለውጥ በግሱ ላይ ይታያል። ቀድሞ የነበረው አነጋገር «ቤት ሠራ» ነው፤ ሰውየው ባለቤት፣ ቤቱ ተሳቢ ነው። በ1967ቱ አዋጅ ዘመን «ቤት ተሰጠው» ይባል ጀመር። በኮንዶሚኒየም ዘመን «ቤት ደረሰው» ሆነ። እዚህ ላይ የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ቤቱ ነው፤ ሰውየው ቤቱ የሚደርስበት ተቀባይ ነው። «ደረሰ» ለተራ፣ ለቀጠሮ፣ ለዕጣ የሚነገር ግስ ነው። ዕጣ የወጣላቸውም በማስታወቂያ «ዕድለኞች» ተብለው ይጠራሉ። «ዕጣ ፈንታ» በሚለው ውስጥ እንዳለው፣ ዕጣ ሰው በጥረቱ የማይለውጠው ነገር ነው። በሕግ «ተጠቃሚ» የተባለው ሰው በዕጣው ዕለት «ዕድለኛ» ሲሆን፣ ቤት የማግኘት ጥያቄ ከመብት ወደ ዕድል ይሸጋገራል። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣው የ20/80 እና የ40/60 ዕጣ በመረጃው ላይ በተፈጸመ ማጭበርበር ምክንያት ሲሰረዝ በተመዝጋቢዎች ዘንድ የተፈጠረው ቁጣ ከዚህ ጋር ይያያዛል። ሰው በዕድል ላይ ቅር ሊሰኝ እንጂ ሊከራከር አይችልም፤ ዕድሉ በሰው እጅ ሲነካ ግን ጥያቄው ወደ መብትነቱ ይመለሳል።

የፕሮግራሞቹ ስም የዚህን ጽሑፍ መነሻ ጥያቄ በግልጽ ያቀርበዋል። 10/90፣ 20/80 እና 40/60 የሚሉት ስሞች በቁጥር የተሰየሙ ናቸው። ፊተኛው ቁጥር ገዢው ቀድሞ የሚቆጥበውን፣ ኋለኛው በባንክ ብድር የሚሸፈነውን ድርሻ ያሳያል። ሁለቱ ሲደመሩ ሁልጊዜ 100 ይሆናሉ። መቶው ግን የቤቱ ዋጋ ነው። ስለዚህ በስሙ ውስጥ ያለው ምጣኔ የዋጋው አንድ ክፍል ከሌላው ክፍል ጋር ያለው ምጣኔ ነው፤ የቤተሰቡ ገቢ በየትኛውም ቁጥር ውስጥ አልገባም። ቅድሚያ ክፍያው ሲቀንስ ብድሩ ይጨምራል። ለድሃው የታሰበው 10/90 ዝቅተኛ ቅድሚያ ክፍያ ያለው ቢሆንም፣ ዘጠና በመቶው ዕዳ ሆኖ ወለድ እየጨመረ በየወሩ ይጠብቀዋል። ገቢው በየቀኑ የሚለዋወጥ ሰው ግን የሚያስቸግረው በየወሩ እኩል መክፈል ነው።

ከዚህ የተነሣ የታወቀ አካሄድ ተፈጠረ። ዕጣ የወጣለት ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው ቤቱን የተሻለ ገቢ ላለው ያከራያል፤ በኪራዩ የባንኩን ዕዳ ይከፍላል፤ ራሱ በቀድሞው ሰፈር በደባልነት ወይም በሌላ ቤት ተከራይቶ ይኖራል። ይህን ሰው ፕሮግራሙን ያለ አግባብ እንደተጠቀመ አድርጎ መውቀስ የተለመደ ነው። የጉልት ነጋዴዋን ታሪክ ላስታወሰ ሰው ግን ምክንያቱ ሌላ ነው። አዲሶቹ ሕንፃዎች በአብዛኛው በከተማው ዳር ናቸው። በመሐል ከተማ ቦታ ይዛ ሽንኩርት የምትሸጥ፣ ሰው ቤት ልብስ የምታጥብ ወይም በጋራ ማብሰያ እንጀራ ጋግራ የምታቀርብ ሴት፣ ወደ ዳር ስትሄድ ገቢዋን ትታ ትሄዳለች። የትራንስፖርቱ ወጪ በቤቱ ዋጋ ውስጥ አይታይም፤ በቤተሰቡ ወጪ ውስጥ ግን የመጀመሪያው ነው።

የዳሩ መሬትም ባለቤት ነበረው። ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። እንዲህ ያሉት ስሞች ሕንፃው ከመቆሙ በፊት መሬቱን በሌላ ስም የሚያርስ ሰው እንደነበረ ያስታውሳሉ። በ2011 ዓ.ም. የኮዬ ፈጬ ቤቶች ዕጣ ከወጣ በኋላ በኦሮሚያ የተነሣው ተቃውሞ፣ ለከተማው ድሃ ቤት የሚሠራበት መሬት ከከተማው ዳር ከሚያርሰው ገበሬ መሆኑን ግልጽ አድርጓል። የአንዱ መጠለያ የሌላው መፈናቀል ሲሆን «ዝቅተኛ ገቢ ያለው» የሚለው ስያሜ በሁለቱም ወገን ያሉትን ሰዎች ይመለከታል።

ይህን የሚሸፍነው ቃል «ተነሺ» ነው። በመልሶ ማልማትና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በተስፋፋው የኮሪደር ልማት ቤታቸው የፈረሰባቸው ሰዎች «የልማት ተነሺ» ይባላሉ። «ተነሣ» ራስን ችሎ የሚፈጸም ድርጊት ነው፤ ሰው ከወንበሩ፣ ከእንቅልፉ ይነሣል። «ተነሺ» ማለትም የሚነሣ ነው፤ ያስነሣው በቃሉ ውስጥ የለም። «ተፈናቃይ» የሚለው ሌላው ቃል ግን የነቀለ አካል መኖሩን ያሳስባል፤ ለዚህም ይመስላል በሰነድ ከልማት ጋር የሚጣመረው የመጀመሪያው ቃል የሆነው። ከተነሺዎቹ መካከል የቀበሌ ቤት ውል ያለው ምትክ ሊያገኝ ይችላል። ደባሉ ግን ተነሺም አይባል፤ ሲነሣ የሚመዘግበው የለምና።

7. በጎረቤት ቋንቋዎች

የማሟያው መቅረት የአማርኛ ብቻ አይደለም። ትግርኛ «ተመጣጣኒ ዋጋ» ሲል ያንኑ ግንድና ያንኑ ክፍተት ይዟል። በኦሮምኛ «ጋቲ መዳለዋ» የሚለው ሐረግ ከሚዛን የተወሰደ ነው፤ ሚዛን ሁለት ሳህን እንዳለው ሁሉ ይህም ሁለት ወገን ይፈልጋል፤ በሁለተኛው ሳህን ላይ የሚቀመጠው ግን አይነገርም። በኬንያ በስዋሂሊ «ኒዩምባ ዛ ቤይ ናፉ» ይባላል። «ናፉ» ጥቅም ወይም እፎይታ የሚል ስሜት አለው፤ ለማን የሚለው ግን ክፍት ነው። በኬንያ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ከደመወዝ ላይ 1.5 በመቶ እየተቆረጠ ለቤት ልማት እንዲውል በሕግ ሲደነገግ የተነሣው ክርክር በከፊል ይህንኑ ክፍት ቦታ የሚመለከት ነበር። እፎይታው የሚከፍለው ሠራተኛ ነው ወይስ ቤቱን የሚገዛው?

በኢትዮጵያም ትኩረቱ በከፊል ወደ ተከራዩ መመለስ ጀምሯል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስና እንዲመዘገብ፣ የኪራይ ጭማሪም በተቆጣጣሪ አካል እንዲወሰን አድርጓል። ከ1967ቱ አዋጅ በኋላ ተከራይን እንደ ተከራይ፣ ማለትም ነገ ገዢ እንደሚሆን ሰው ሳይሆን ዛሬ እንደሚከፍል ሰው፣ የተመለከተ ትልቅ ሕግ ነው። የ1967ቱ ታሪክ ግን ማስጠንቀቂያ ትቷል። ኪራይን መወሰን ያለውን ቤት ይጠብቃል፤ ያልተሠራውን ቤት አይሠራም። ደግሞም የሚጠበቀው የተመዘገበ ውል ያለው ተከራይ እንጂ ደባሉ አይደለም።

8. ማጠቃለያ

ከ«ሰፈር» እስከ «ኮንዶሚኒየም» ያለው የቃላት ታሪክ የመለኪያ ታሪክ ነው። በሰፈር ዘመን ቤት በአገልግሎት ተለካ፤ አገልግሎቱ ሲቀር ቤቱ ቀረ። በትርፍ ቤት ዘመን በቤተሰብ ተለካ፤ ፍትሐዊ ነበር፤ አዲስ ቤት የሚሠራ ግን ጠፋ። በሊዝ ዘመን በቦታ ዋጋ፣ በጋራ መኖሪያ ቤቶች ዘመን በሕንፃው ወጪ ተለካ፤ ቤት ተሠራ፤ የተሠራለት ሰው ግን ብዙ ጊዜ አልገባበትም። በአራቱም ዘመናት የተጠቀሙ ሰዎች ነበሩ። በአራቱም ዘመናት በመዝገብ ያልተጻፈ አንድ ሰው ቀርቷል፤ በአሽከርነቱ፣ በደባልነቱ፣ በጨረቃ ቤቱ ወይም ባልደረሰው ዕጣ።

ለክልሉ ቋንቋዎች አጥኚዎችና ተርጓሚዎች ከዚህ የሚወጣው ሥራ ቀላልና ተጨባጭ ነው። የቤት ፖሊሲዎች ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲተረጎሙ «ተመጣጣኝ» የሚለውን ቅጽልና አቻዎቹን ያለ ማሟያ ማሳለፍ ተለምዷል። ተርጓሚው «ከምን ጋር?» ብሎ ቢጠይቅ ረቂቁን ያዘጋጀው አካል መልስ መስጠት ይኖርበታል። መልሱ «ከግንባታ ወጪው ጋር» ከሆነ እንደዚያው ይጻፍ፤ አንባቢው የሚቀርብለትን ያውቃል። መልሱ «ከቤተሰቡ ገቢ ጋር» ከሆነ ደግሞ ገቢው ስንት እንደሆነ፣ በወር ይሁን በቀን እንደሚገኝ፣ ከቤቱ ምን ያህል ርቀት ላይ እንደሚገኝ መጻፍ ይከተላል። አማርኛ የሚያስፈልገው አዲስ ቃል አይደለም። «ከ… ጋር» የሚለው መስተዋድድ በቋንቋው ውስጥ ከጥንት ጀምሮ አለ፤ የጎደለው ከእርሱ በኋላ የሚጻፈው ስም ነው።